የግራው ስፒከር

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ልጆቹ አግብተው ሲወጡ የቀረውን ክፍል የሙዚቃ ማዳመጫ አደረገው። ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈ፣ መስኮቱን በከባድ መጋረጃ ሸፈነ፣ ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ አቆመ።

ስፒከሮቹን ተሸክሞ ያስገባለትና ገመዱን የዘረጋለት የሰፈሩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው፤ ሰው ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ሰውዬው ሲባጎ ወስዶ እያስያዘው ለካ። ከግራው ስፒከር እስከ ቀኙ፣ ከሁለቱም እስከ ወንበሩ፣ ሦስቱም እኩል። ዘፋኟ ከሁለቱ መሀል ፊት ለፊትህ ቆማ ካልታየችህ አዳመጥኩ አትበል ሲል ለሽቦ አስረዳው።

ኩራቱ ጆሮው ነበር። በሥራ ዘመኑ ስቱዲዮ ውስጥ ዝንብ ብትገባ በየት በኩል እንደገባች ያውቃል ይባልለት ነበር። አብሮት የኖረ ባልደረባው ጆሮው ሲደነቁር ጊዜ ራሱን አጠፋ። ከቀብሩ ሲመለሱ ሰውዬው ለሚስቱ፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው አላት። እሷ መንገዷን ቀጠለች።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አቧራ ሲያራግፍ ምንጣፉ ላይ የስፒከሩን ዱካ አየ። የግራው ከዱካው ተነሥቷል። ሲለካው አራት ጣት ወደ ወንበሩ ቀርቧል። ቀኙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ወደ ቦታው መለሰውና የዘፈን ሸክላ አስቀምጦ ተቀመጠ። ዘፋኟ መሀሉን ለቃ ቀኙ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። ሚስቴ ገመዱንም ነካክታዋለች ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ሚስቱን ጠየቃት። ስጠርግ ገፍቼው ይሆናል አለችው። በሳምንቱ ሲለካ እንደገና ቀርቧል። በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ምልክቱ ራሱ ተፍቆ ሌላ ቦታ ተሠምሮ አገኘው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ሚስቱ ባሏ የሞተባት እህት አለቻት። እህቴ እዚህ ክፍል መጥታ ትኑር ብላ ለምናው እምቢ ብሏት ነበር። እሺ አለች፤ ደግማ አላነሣችውም። የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ አይታወቅም ይባል የለ? ክፍሉን ልታስጠላኝ ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚያ በኋላ ያላየው ነገር የለም። ዕድሜ ልኳን ገበታ ላይ በግራው ትቀመጥ የነበረች ሴት፣ አሁን እንደ ዘብ በቀኙ ትቀመጣለች። ስልክ ሲጮኽ ሮጣ ቀድማው ታነሣለች። ወጥ ቤት ሆና ታጉተመትማለች፤ ምን አልሽ ሲላት፣ ምንም ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን ልቆረጥ ብሎ ወጣ። ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ተመለሰ፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ።

ሸክላው እየዞረ ነው። ሚስቱ የእሱ ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ የግራ ጆሮዋን በጥጥ ደፍናለች። ጥቂት ቆይታ ተነሣች፣ ተንበረከከች፣ የግራውን ስፒከር በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። ተመልሳ ተቀመጠችና እንደገና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሙዚቃዬን ላለመስማት ጆሮሽን በጥጥ ደፍነሽ፣ ለእኔ ታበላሺብኛለሽ?» አላት።

ጥጡን አውጥታ በጭብጧ ያዘችው። 

«እባክህ አትጠይቀኝ» አለችው።

«እህትሽ እዚህ ካልመጣች፣ እንግዲያው አንቺ እዚያ ሂጂላት።»

በሦስተኛው ቀን አንድ ሻንጣ ይዛ፣ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ እህቷ ዘንድ ሄደች። ልጆቹ እየደወሉ አማለዱ። ያደረገችውን ለምን እንዳደረገች ትናገር፣ ያኔ ትመለስ አላቸው። እሷ አልተናገረችም። እሱም በየጠዋቱ ሲባጎውን እየዘረጋ ይለካል። አሁን የሚነካው የለም፤ ሦስቱም እኩል ናቸው።

ድምፁ ግን አልተመለሰም። አበላሽታው ሄዳለች ሲል ለሽቦ ተማረረ። ሽቦ መጥቶ ገመዱን ፈትሾ፣ ምንም አልተገኘበትም ብሎ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ሚስቱ በሄደች በሁለተኛው ወር ልቧ በእንቅልፏ ቀጥ አለ። ሰውዬው ቀብሯ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። እህቷ እጇን አልዘረጋችለትም።

ከቀብር ተመልሶ ብዙ ጊዜ ወደ ክፍሉ አልገባም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ገብቶ እሷ ትወደው የነበረውን ሸክላ አስቀመጠ። ግራው ዝም አለ። ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ጨመረ፣ እስከ መጨረሻው ከፈተው። የሚዘፍነው ቀኙ ብቻ ነው። ሞታም አልለቀቀችኝም ብሎ አለቀሰ፤ ከንዴት ይሁን ከኀዘን ራሱም አላወቀውም። ሽቦን ጠራው።

ሽቦ ገመዶቹን አቀያየረ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ግራው አሁንም የለም። ሁለቱን ስፒከሮች ተሸክሞ ቦታ ለቦታ ለዋወጣቸው። ግራው አሁንም የለም።

ሽቦ መዳፉን ግራው ላይ አሳረፈ። ስፒከሩ ከእጁ በታች ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃውን አጠፋ፤ ዞሮ መጥቶ በሰውዬው ቀኝ በኩል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ስፒከሩ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ» አለው።

«ታዲያ ምን አድርጋው ነው?»

«እትዬ እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ በየሳምንቱ ይደውሉልኝና ‹ዛሬስ ስንት ጣት ላስጠጋለት?› ይሉኝ ነበር።»