የመጨረሻው ባልዲ

ቨርሊን ምድር ቤቱ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ፓምፑ ሰርጎ የገባ ውሃ ከሚጠራቀምበት የወለሉ ጉድጓድ የሚስበውን ወደ ውጭ የሚተፋበትን ቱቦ በክዳንና በማጣበቂያ ደፈነ። ወንዙ ሦስቴ ስለገባበት ማዘጋጃ ቤቱ ቤቱን ሰኞ ያፈርሰዋል፤ ቱቦው ከዚያ በፊት ይደፈን ተብሏል።

«እስቲ ዘወር በልልኝ» አለችው ሚስቱ አርሊስ። በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት በረዶ መቅለጥ ሲጀምር በየዓመቱ እንደምታደርገው፣ ፓምፑን ልትሞክር አንድ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋች። ፓምፑ አጓራ፣ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ደፍኜው የት ይሂድልሽ?» ብሎ ሳቀ።

አርሊስ ባዶውን ባልዲ እንዳቀፈች ቆመች። «እኛስ?» አለችው።

ቨርሊን ሳቁን ዋጠ። የፓምፑን ሶኬት ሊነቅል እጁን ዘረጋ፤ ግን አልነቀለውም።