ለሁለት የተከፈለው ኮምፒውተር

«አሁንም ጥቁር ነው» አለች ንጋቷ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ነጫጭ ፊደል ይደረድርና ቀጥ ይላል። ዴስክቶፑ አልነሳ አለኝ።»

ባስልኤል ከበሩ አላለፈም። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዝናቡ ጀርባውን እየመታው ቆሟል። ከጓሮ፣ ከድንኳኑ፣ የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። የእናቱ አስከሬን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከፊት የሚያዝ ፎቶ ግን የላትም።

«ፎቶዋ ያለው በእኔ ወገን ብቻ ነው፣ ንጋቷ። በእመቤቴ፣ እንደምንም አስነሺልኝ።»

ታላቁ ወንድሙ ብርሃነመስቀል ደንበኛ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እሱም ያቺን ፎቶ ይፈልጋታል። ለባስልኤል ግን አይነግረውም።

ይህን ፎቶ ቤት አባታቸው ለሁለቱም ነበር ያወረሳቸው። ዓመት ሳይሞላ ሆድና ጀርባ ሆኑ፣ ሽማግሌ ገባ። ካሜራው ለታናሹ፣ ማተሚያው ለታላቁ፤ ጠዋት ለታላቁ፣ ከሰዓት ለታናሹ ተባለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ፤ በሬ አይደል ታርዶ አይከፋፈል። ያን ጊዜ ነው ኮምፒውተር የምትጠግነው ንጋቷ «ሆዱን ለሁለት እከፍለዋለሁ» ያለችው። ለብርሃነመስቀል ዊንዶውስ፣ ለባስልኤል ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት፣ ለየራሳቸው ፓስወርድ። የአባታቸው ዘመን ፎቶዎች ብቻ በጋራ ማስቀመጫ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ፤ የሚዛን ተፈሪ ከተማ ሰው ሳቀባቸው። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ጉዱ ደግሞ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያነሱ የኖሩት ልጆች እናታቸውን ማንሳት አልቻሉም። ካሜራ ሲዞርባት ፊቷን ትሸፍናለች። «የሰው መልክ ሸጣችሁ ኑሩ፣ የእኔን ተዉት» ትላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለፈው ፋሲካ፣ «ሳልሞት አንድ ላይ ልያችሁ» ብላ ግራና ቀኝ አቆመቻቸው፤ ጎረቤት በባስልኤል ካሜራ አነሳቸው።

ንጋቷ ፊደሎቹን አንብባ ጨረሰች። «የጋራውን ማስቀመጫ መክፈት አቅቶት ነው። ዊንዶውሱ ይዞበታል። በደንብ አልተዘጋም፣ እንዲያው አስተኝተውት ነው የሄዱት።» ወደ በርጩማው ዞረች። «ጋሼ፣ አዘጋጉን አላወቅህበትም መሰለኝ።»

አውቆበታል። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ከወር በፊት በአጋጣሚ ደረሰበት፤ ማሽኑን በመዝጋት ፈንታ አስተኝቶት ከሄደ፣ ከሰዓት በኋላ የወንድሙ ወገን አይነሳም። ባስልኤልን ደንበኛ ፊት ላብ ሲያጠምቀው በመስኮት አይቶ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሆድ ሲብሰው እንደዚያው ያደርጋል። ትናንት ጠዋትም አስተኝቶት ወጣ፤ ማታ እናቱ አረፈች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ምላጩ አሁን ጉሮሮው ላይ ነው።

«በዊንዶውስ ገብቼ በደንብ ልዝጋው» አለች ንጋቷ። «ፓስወርዱን ንገረኝ።»

«ይንገርሽ!» አለ ባስልኤል ከበሩ። «ለእናቱም ይሰስታል እንዴ?»

ብርሃነመስቀል ተነስቶ መጣ። «ራሴ አስገባዋለሁ።» የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን ጫፍ ልጅ ሳለ የቡና መፈልፈያ በልቶበታል፤ በዚያ ጉማጅ ጣት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ዊንዶውሱ ተከፈተ። ንጋቷ ማስተኛውን አጠፋችና ዘግታ እንደገና አበራችው።

ጥቁር ሆኖ ቆየ። ፊደሎቹ መጡ፣ አለፉ። ከዚያ የባስልኤል ወገን ከነቀለሙ ብቅ አለ።

«ተመስገን!» አለች ንጋቷ።

ባስልኤል ያን ጊዜ ገባ። እርጥብ ትከሻው የወንድሙን ታክኮ አለፈና «እማዬ» የሚለውን ፎልደር ከፈተ። እናታቸው በሐበሻ ቀሚስ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ስትስቅ ታየች። ብርሃነመስቀል እንባው መጣ። ይህን ሳቅ ረስቶት ነበር። ወንድሙን በስሙ ሊጠራው አፉን ከፈተ።

«ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?» አለች ንጋቷ።

በቀኟ ባስልኤል ሙሉ ሆኖ ቆሟል። በግራዋ ሰው የለም። ከአንገቷ ሥር፣ ትከሻዋ ላይ፣ ከአንጓው የተቆረጠ እጅ ብቻ አርፏል። ጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የለውም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ንጋቷ የጠየቀችውን ጥያቄ መልሳ መዋጥ የፈለገች ይመስል አቀረቀረች።

«ሙሉውስ?» አለ ብርሃነመስቀል። ከስንት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ ባስልኤል ፊቱን ሳያዞር። «እጁንም ላጠፋው ሞክሬ ነበር። አንገቷን ያበላሸዋል።»

ለቀብር ብቻዋን መሆን ስላለባት ራሱንም ከቀኟ ቆርጦ አወጣ። 

«ፎቶው ደረሰ ወይ?» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ መጣ።

ማተሚያው የብርሃነመስቀል ነው። ወረቀት አስገባና «ላከው» አለ።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር፤ መጀመሪያ ፀጉሯ፣ ቀጥሎ ሳቋ፣ ከዚያ እጁ።