የመሸኛው ከበሮ

«ከበሮው የሞተው በመሬት መንቀጥቀጡ ቀን ነው» ይላሉ ኖንግ ቴባን፣ የኦርጋኑን ወናፍ እጀታ በሁለት እጃቸው እየተጫኑ። «ማንም ሳይነካው ብቻውን መታ። የነበረችውን ድምፅ ያን ቀን ጨረሳት።»

ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሉት። ትናንትም ብለውታል። በደሴቱ ላይ ይህን ወሬ ያልሰማ ቢኖር ዓሣ ብቻ ነው።

«ሰምቻለሁ፣ ኖንግ» ትላለች ሉድቪና፤ በደሴቱ «ኖንግ» እንደ ጋሼ ነው። ወገቧ ድረስ ኦርጋኑ ሆድ ውስጥ ገብታለች። «ሲሞት ለእርስዎ ተናዘዘ እንዴ?»

«ቀልጂ። የሬሳ ሣጥኑ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቀልድሽ ከበሮ አይሆንልሽም።»

ከሰገነቱ በታች ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚህ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ የኖሩት መምህርት፣ ማኤስትራ ሶፍሮኒያ፣ ዛሬ መሠዊያው ፊት ተጋድመዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርጋናቸው ከበላያቸው ሆኗል። ኖንግ ቴባን ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እህታቸው ስትጫወት እሳቸው ነፋስ ሲሰጡ ኖሩ።

በዚህ ከተማ ደወሉ የሁሉም ሟች ነው፤ ከበሮው ግን የኦርጋን ተጫዋቾች ብቻ። ሣጥኑ በሩ ላይ ይቆማል። ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰገነቱ ያዞራሉ። ከበሮው ሳይመታ የወጣ ተጫዋች እስከ ዛሬ የለም።

የቀረው የኦርጋኑ ክፍል ሁሉ ይሠራል። ጫፋቸው ውሃ ውስጥ የተነከረው ትንንሾቹ የወፍ ቧንቧዎች፣ እጀታቸው ሲሳብ እንደ ንጋት ዛፍ ይንጫጫሉ። ሉድቪና ናት ያስነሣቻቸው፤ አስተማሪ ሳይኖራት፣ ከስልኳ እያየች፣ እየፈታችና እየገጠመች። ገበያ ላይ «የስልክ ማኤስትራ» ይሏታል። «ስልክ ቢያንስ የጠየቁትን ይመልሳል» ብላ ታልፋቸዋለች።

ከበሮው ብቻ እምቢ አላት። ቆዳም በትርም የለው፤ ሁለት ወፍራም የእንጨት ቧንቧዎች አብረው ሲነፉ የሚወጣ ድምፅ ነው። በመንቀጥቀጡ ወድቀው ተሰንጥቀው ነበር። ስንጥቃቸውን ደፈነች፣ አቆመቻቸው፣ ድምፃቸውን አስማማች፤ የፀጉር ያህል ልዩነት እንኳ እስከማይቀር። እንዲህ ያለ ጆሮ በደሴቱ የማን ነው?

ሲነፉ ግን ከወደብ እንደሚወጣ መርከብ አንድ ወጥ ጩኸት ብቻ።

ባለፈው ወር ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ማኤስትራዋ ቤት ሄዳ ነበር። በሽታው ግማሽ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ወስዶታል። «አስማምቻቸዋለሁ፣ ማኤስትራ። ልክ እንደ አንድ ሰው ነው የሚናገሩት። ታዲያ ለምን አይመታም?» አለቻቸው። አሮጊቷ አፍጥጠው አዩዋት። ደህናውን እጃቸውን አንስተው አፋቸው ላይ ጫኑ።

ዝም በይ ማለት ነው። ሉድቪና ተነሥታ ወጣች፤ ዳግም አልሄደችም።

«ደረሱ» ይላሉ ኖንግ ቴባን።

ሣጥኑ በሩ ላይ ቆሟል። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ከኋላ ስላገኛቸው የተሸካሚዎቹ ፊት አይታይም፤ ወደ ላይ መዞሩ ብቻ ይታያል። ሉድቪና የከበሮውን እጀታ ትስባለች።

ኡኡኡኡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ይጠብቃል። ከወንበሮቹ መካከል አንዲት ሴት «የስልኩ ባትሪ አለቀ መሰለኝ» ስትል ይሰማል፤ ሌላዋ «እሽ!» ትላታለች።

«ኖንግ፣ እንዳያቋርጡ!»

«እኔ የማውቀው ነፋሱን ነው። ድምፁን እህቴ ነበረች የምታውቀው።»

በተከፈተው ሳንቃ በኩል ትገባለች። ምናልባት ከሁለቱ ወፍራም ቧንቧዎች አንደኛው ነፋስ አጥቶ ይሆናል። የቅርቡን ቧንቧ አፍ ለመዳሰስ መዳፏን ትሰዳለች፤ ጣቶቿ ከአፉ ከፊሉን ይሸፍናሉ።

ድምፁ ዝቅ ይላል። ከዚያ እንደ ከበሮ ይመታል።

ትደነግጥና እጇን ታነሣለች። ኡኡኡ። ትመልሰዋለች። ሁለቱ ድምፆች አንዱ ከሌላው ትንሽ ጎድሎ ይጋጫሉ፤ ሲጋጩ ይንደረደራሉ፤ የሰገነቱ ጣውላ ከጫማዋ ሥር ይርገበገባል። ለካ የገደላቸው መስማማታቸው ነው። ለካ የገደለቻቸው እሷ ናት።

እጇን ብታነሣ ይቆማል። ስለዚህ አታነሣም። ሣጥኑ ሲወጣ አታይም። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ የእግር ኮቴውን ትሰማለች፤ ከድንጋዩ ወለል ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ አደባባዩ። በመጨረሻ ደወሉ ይቀበላቸዋል።

ኖንግ ቴባን የወናፉን እጀታ ይለቃሉ። ፊታቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠርገው በሳንቃው ቀዳዳ ብቅ ይላሉ። ወናፉ የያዘው ነፋስ ገና አላለቀም፤ ከበሮው እየራቀ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ይመታል።

«ምን አድርገሽ ነው ያስነሣ...»

መዳፏን ያያሉ። የራሳቸውን እጅ አንስተው አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ምነው፣ ኖንግ?»

«እህቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። አንቺ መጥተሽ ከሄድሽ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ። እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ እንዲህ ግማሹን ብቻ። ገለጥ ታደርገዋለች፣ ደግሞ ትመልሰዋለች። ጠምቷት ነው ብለን ውሃ ሰጠናት። እጃችንን መታችው። አቅለሽልሿት ነው ብለን ሳፋ አቀረብን።»

ወናፉ ሲጥ ሲጥ እያለ ይወርዳል። በሉድቪና ጣቶች መካከል የሚያልፈው ትንፋሽ ይሳሳል፣ ይቋረጣል። እጇን ከቧንቧው አፍ ላይ አታነሣም።