ከረመጥ የወጣ ብርጭቆ

የእንጀራ እናትን የሚያምን የለም። በእሳት የምትጫወት የእንጀራ እናት ከሆነችማ ነገሩ አይነሳ።

ሴትዮዋን ሰፈሩ «እመት ብርጭቆ» ይላታል። አፉ የተሸረፈ ብርጭቆ ያለው ሁሉ ይዞላት ይመጣል። እሷም ሽራፊውን ውሃ እያስነካች በብርጭቆ ወረቀት ትፍቀዋለች፤ ከዚያ በጋዝ መበየጃ ዙሪያውን እያሞቀች፣ ስለቱ ቀልጦ ሲለሰልስ በጉጠት አንስታ ድስት ሙሉ ረመጥ ውስጥ ትቀብረዋለች። ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ሽራፊው ጠልቆ የገባ እንደሆነ ደግሞ ቆርጣ ታሳጥረዋለች። የራሷ ብርጭቆዎች ከየቦታው የተለቃቀሙ ናቸው፤ አሁን ግን ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንድ አፍ ሆነዋል።

አባት የመጀመሪያ ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ነው ይህችን ያገባው። ቤቱ የእሷ ነው፤ እሱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ። ዕድሜውን የፈጀው የከብት መድኃኒት ማከፋፈያ ውስጥ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ማታ ማታ ወተት የሚያፈላው እሱ ነው።

ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ልጁ በዚህ ትኮራበታለች። እናቷ ሆዷን ታማ የተኛች ጊዜም ወተቷን በገዛ እጁ ሲያጠጣት የከረመው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት ደወለላት።

«እዚህ ቤት ደህና አይደለሁም፣ ልጄ።»

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«በስልክ አይሆንም። መጥተሽ በዓይንሽ እዪው።»

በማግስቱ መጣች። እናቷን ቀብራለች፤ አባቷን መቅበር አልፈለገችም። ዓይኗን ከሴትዮዋ ላይ ላትነቅል ለራሷ ማለች።

ብዙም መጠበቅ አላስፈለጋትም። ከመበየጃው አጠገብ ነጭ ዱቄት የሞላ ጣሳ አየች።

«ይሄ ምንድነው እትዬ?»

«የብርጭቆ ዱቄት ነው። አትንኪው፤ ሆድ ከገባ አንጀት ይቆራርጣል።»

«ታዲያ ለምን ያኖሩታል?»

«ሌላውን ብርጭቆ እፍቅበታለሁ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ሰሞኑን ሆዴን ይቆርጠኛል ትላለች። ልጅቱ ማስመሰል ነው ብላ አለፈችው። እንዲህ ያለች ሴት ቀድማ ራሷን በሽተኛ ታስመስላለች፣ ኋላ ማን ይጠረጥራታል?

ለአባቷ ብትነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ዱቄት አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል ብያለሁ» አላት። «አንቺም ማየትሽ ጥሩ ነው።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ አንድ ብርጭቆ ከረመጡ አወጣች። ሌላ ብርጭቆ ከመደርደሪያ አነሳች፤ ጣቶቿ ገና ነጭ እንደሆኑ አፉን ዙሪያውን ዳሰሰችው። ሁለቱን ትሪ ላይ አስቀመጠች።

«የቀኙ የአባትሽ ነው፣ የግራው የኔ። እንዳይቀያየርብሽ።»

«ሁለቱም አንድ አይደሉ እንዴ?»

«ለዓይን ነው እንጂ። ከእሳት የወጣ ብርጭቆ ቂመኛ ነው፤ ዝም ብሎ ይከርምና ሙቅ ሲገባበት ይፈነዳል። አዲሱን መጀመሪያ እኔ ነኝ የምጠጣበት፤ ሌላ ሰው አይነካውም።»

አፏ ቅቤ ነው፣ አለች ልጅቱ በሆዷ። ዳሰሳ ያስቀመጠችው የአባቷን እንደሆነ በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

ሴትዮዋ ወደ ሳሎን ሄደች። አባት የፈላውን ወተት አምጥቶ ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ቀዳ፤ አማሰለ፤ ትሪውንም አቀበላት።

«ማር አብዝቼበታለሁ። የግራው የእሷ ነው፣ አደራ።»

ምስኪን፣ የሴትዮዋን ሕግ በቃሉ ይዞታል። እሱ ቀድሟት ወደ ሳሎን ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልትደፋው አሰበች። ብትደፋውስ? ነገም ማታ አለ፣ ከነገ ወዲያም ማታ አለ። እሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ አባቷ ግን ከዚህችው ሴት ጋር ይቀራል።

እናቷ «ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው» ትል ነበር። እንግዲህ የማሰችው ትግባበት።

ትሪውን አዞረችው፤ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ሆነ።

ሳሎን ስትገባ አባት የቀኙን አነሳ፣ ሴትዮዋ የግራውን። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ የሴትዮዋን ጉሮሮ ታያለች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ አረፍ አለች፤ እንደገና ተጎነጨች።

«ዛሬስ ለሆዴ ተመቸኝ» አለች።

«ጠጪው እንጂ፣ ይበርዳል» አላት አባት። የራሱን በሁለት ትንፋሽ ጨልጦ ጢሙን ጠረገ።

ሴትዮዋም ጨረሰች። ልጅቱ ባዶዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ፈርታለች፤ ግን አባቷ ተርፏል፣ እሱ ይበቃታል። የመጣው ይምጣ።

አባት ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«የግራውን ጨርሳዋለች?» አላት በሹክሹክታ።

ልጅቱ እሱን ያዳነችበትን ልትነግረው አሰበችና ለኋላ አቆየችው። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለ አባት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፤ «ጠዋት አልነቃ ስትል ጮኸሽ ጎረቤት ጥሪ፤ ለቀሪው እኔ አለሁ።»