የስንዱ ሕመም

በአዲሱ ሕግ አንዲት ሯጭ እንድትሮጥ የፈቀደ ወጌሻ ሕመሟን ተቀብሎ በገዛ አካሉ ይሸከማል። የሚለቀው እሷ ስትድን ወይም ስትሞት ብቻ ነው።

ወጌሻ ንጋቷ ለስንዱ ከፈቀደችላት ወዲህ፣ ምሳ ሲቀርብ የወጌሻዋ ባል ዘርጋው ከግራ ጉልበቷ ሥር ትራስ ያደርግላታል። ዛሬ ስንዱ ውድድር ላይ ናት።

"እንዲህ እያመመሽ ታስሮጫታለሽ?" አላት።

"እሷን አያማትማ። ደስ ብሏት ነው የምትሮጠው።"

ወዲያው ደረቷን ወጋት፤ ጉርሻው ከእጇ ወደቀ።

"ቁሚ ስንዱዬ፣ ቁሚ የኔ ልጅ" አለች፣ ስንዱ እንደማትሰማት እያወቀች።

ከዚያ ደረቷም ጉልበቷም ባንዴ ተዋት። ሳትደገፍ ብድግ አለች።

ዘርጋው ሳያስበው ትራሱን አንስቶ፣ "ተመስገን፣ ለቀቀሽ" አለ።

"ተመስገን አትበል፣ ዘርጋው" አለችው።