የወይዘሮ ካሊያኒ ዓይን

ወይዘሮ ካሊያኒ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው የእግር ጣታቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ስትል ነው። በዚያው ሰሞን ዓይናቸውም ይደበዝዝባቸው ጀመር። የሐይቁ ዳር ሰፈር ሰው፣ "አለቀላቸው፤ ምራታቸው እጅ ወደቁ" ብሎ ተንሾካሾከ።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጃቸው ሞሃን በመኪና አደጋ የሞተ ቀን፣ ወይዘሮ ካሊያኒ በለቀስተኛ ፊት የምራታቸውን የሱሎቻናን አንባር ከእጇ ላይ ሰባብረው፣ "ልጄን የበላሽው አንቺ ነሽ!" ብለዋታል። መበለት ነሽ ብለው ባለ ቀለም ልብስ ከለከሏት። ጎረቤት ልጅ ሲወለድ፣ "አንቺ ገደቢስ፣ እንዳትሄጂ" አሏት። ወንድሟ ስለ እሷ የወደፊት ኑሮ ሊነጋገር ቢመጣ በመጥረጊያ ከበር መለሱት። የሱሎቻናን ፊት ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ገብቶታል።

ዶክተር ቼሪያን ዘንድ ሲሄዱ ጠያቂዋ እሷ ነበረች።

"ስኳሩ እንዲህ ከፍ እንዳለ ቢቀር ምን ያደርጋቸዋል?"

"ኩላሊት ይጎዳል፣ እግር ያስቆርጣል። የእሳቸው ግን ዓይናቸው ነው የሚቀድመው።"

"እስኪታወሩ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። "ካልታከሙ ዓመትም ላይሞላ ይችላል።"

ሱሎቻና ወራቱን በጣቷ ቆጠረች።

ከዚያ የአዩርቬዳ ባህላዊ መድኃኒት አዋቂው ኒላካንታን ዘንድ ወሰደቻቸው። ሽማግሌው የልብ ትርታቸውን አዳምጠው፣ ምላሳቸውን አይተው፣ መራራ አትክልት ተጨምቆ ከአብሽና ከእርድ ጋር እንዲጠጡ አዘዙ።

"የሐኪሙን መርፌ እንዳታስቀሪ" አሏት። "ይሄን ደግሞ ለእሱ ሳትነግሪ እንዳትሰጪ። ሁለቱ ተደርበው ስኳሩን ከልክ በላይ ካወረዱት፣ ራሳቸውን ስተው ሊቀሩ ይችላሉ።"

"ምልክቱ ምንድን ነው?"

"ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ። ምነው?"

"ሳላውቅ እንዳልቀር ፈርቼ ነው" አለች ሱሎቻና።

ወይዘሮ ካሊያኒ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ጀልባ ላይ ሲመለሱ ትሪሱር ከተማ ላለችው ልጃቸው ለጊሪጃ ደወሉላት። "ልጄ፣ ገዳዬ አጠገቤ ተቀምጣለች" አሏት። ጀልባ ነጂው ሳሺ ያልሰማ መስሎ ሞተሩን አስጮኸው።

ከማግስቱ ጀምሮ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። ነጭ ሩዝ በቁንጥር ሆነ። ጥቁሩ የሸንኮራ ስኳርና የኮኮናቱ ጣፋጭ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ ከሱሎቻና ወገብ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ጭማቂ ይዛ ትቆማለች።

"መርዝ ነው! አልጠጣም!"

"መርዝ እንዲህ አይመርም። ይጠጡ።"

ቀጥላ ሆዳቸው ላይ መርፌ ትወጋለች። ግቢውን ታዞራቸዋለች። ከዚያ እግራቸውን ሥጋ እንደሚገዛ ሰው አገላብጣ ታያለች።

አንድ ቀን ወይዘሮ ካሊያኒ ጎረቤት ድግስ ላይ በወተት የተሠራ ጣፋጭ ሩዝ ሲጎርሱ ደረሰችባቸው። ሳህኑን ከእጃቸው ነጠቀችው።

"ሰው ፊት አዋረድሽኝ!"

"እርስዎስ እኔን ጓዳ ውስጥ ነው እንዴ ያዋረዱኝ?"

አሮጊቷ አለቀሱ። "ከምታሠቃዪኝ ለምን ገድለሽኝ አትገላገዪም?"

"እንዲህ በቀላሉማ አይሞቱብኝም። እስከ ኦናም በዓል ይሰንብቱልኝ። ከዚያ ወዲያ ያሻዎትን ይብሉ፣ አልከለክልዎትም።"

ጊሪጃ ይህን ስትሰማ ሥራዋን ጥላ መጣች። እናቷን እየጎተተች ዶክተር ቼሪያን ዘንድ ወሰደቻቸው። ዶክተሩ ግን ፈገግ አለ። ሱሎቻና እያመላለሰች ያስጨረሰችው የዓይናቸው የጨረር ሕክምና ተሳክቷል፤ ስኳሩ ልክ ገብቷል፤ ቁስሉ ደርቋል። የአዩርቬዳውንም ጭማቂ መጠን እሷው ነግራው ያውቀዋል።

ጊሪጃ አልተዋጠላትም። ቤት ስትገባ ሱሎቻናን ወጥ ቤት አፋጠጠቻት። "የምታርጂውን በግ ነው አይደል እንዲህ የምትቀልቢው? በዓሉ ቀን ምን ልታደርጊያት ነው?"

"ቤተ መቅደስ ልወስዳቸው ነው።"

"እኔም አለሁ!"

"ደስ ይለኛል፣ እህቴ። ማንም እንዲቀር አልፈልግም።"

በኦናም በዓል ዕለት ሱሎቻና አማቷን አጥባ፣ አዲስ ልብስ አለበሰቻቸው፤ ለዓይናቸው ምስጋና ሊያደርሱም ከጊሪጃ ጋር ሐይቁን ተሻገሩ። ሳሺ ጢሙን ተላጭቶ፣ እሱም አዲስ ልብስ ለብሷል።

"ምነው እንዲህ አማረብህ?" አለችው ጊሪጃ።

"በዓል አይደል እንዴ!"

መሀል ሐይቅ ላይ ሳሺና ሱሎቻና ሲተያዩ አየች። የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። "እዚህ ጋ ውሃው ጥልቅ ነው?"

"በጣም" አለ ሳሺ።

ማዶ ደርሰው ወረዱ። ለወይዘሮ ካሊያኒ የተዘጋጀ ወንበር ቤተ መቅደሱ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ ፊት ተቀምጦ ጠበቃቸው። የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው ሞልቷል። የሱሎቻናም ወንድም አለ። መብራቱ ተለኩሷል። ሱሎቻና፣ "ከዚህ እንዳይነሱ" ብላቸው ወደ ጓዳ ገባች። ጊሪጃ ለእናቷ የቀረበላቸውን ውሃ አሽትታ ደፋችው።

ከበሮው ሲመታ ሱሎቻና በወርቅ ክር የተጠለፈ ሐር ለብሳ ወጣች፤ የአማቷን መነጽር በልብሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችላቸውና፣ "ደህና አድርጎ ይታይዎታል አይደል?" ብላ፣ ሳሺ የጋብቻውን ሐብል እንዲያስርላት አንገቷን ዝቅ አደረገች።