የሚያውቃት አንዲት ቃል

መሐንዲሱ ወረቀቱን ወደ ፎርማኑ ገፋ አደረገና ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ። «የእርስዎ ነው አይደል?»

የራሱ ነው። ቅጹ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ፎርማኑ የሚያውቃት አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ ሱፐርቫይዝድ። ያስተማረችው ልጁ ናት። «ተቆጣጥሬያለሁ ማለት ነው አባዬ። ቆሞ ማየት ብቻ እንዳይመስልህ ታዲያ፤ እዚያው ነበርኩ፣ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ እንደማለት ነው» ብላዋለች። ቃሏን ወደዳት። ሲሚንቶ የሚያቦኩትን ሳይቀር «ሱፐርቫይዝ ላደርጋችሁ መጣሁ!» እያለ ሲያስቃቸው ከረመ።

ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። አራት ፎቅ መውጣት መውረዱ ሲከብደው የቀኑን ቅጽ ጠዋት፣ ገና ሥራ ሳይጀመር መፈረም ለመደ። ማን ያየዋል? ማክሰኞም ይህንኑ ቅጽ እንዲሁ ፈረመና ታች ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። አናጢው እላይ ፎቅ ላይ ብቻውን ሆኖ ከሶሌታው ኮንክሪት ሥር የቆሙትን ድጋፍ እንጨቶች ሲነቅል ጣውላው ተደርምሶ ይዞት ወረደ። «ቆይ!» የሚለው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

«እርስዎ ቆመው ካሠሩት ጥፋተኛው ትእዛዝ ያልሰማው አናጢ ነው» አለ መሐንዲሱ በሚያባብል ድምፅ። «እሱን አሰናብተን ጉዳዩን እንዘጋዋለን። አልነበርኩም ካሉ ግን የሚሰናበቱት እርስዎ ነዎት። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶዎት ምን አስጨነቀዎት?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ፎርማኑ ይህን እያወቀም ፈራ፤ መፍራቱም አሳፈረው። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ፣ ወገቡ የተሰበረው አናጢ እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «ጋሼ፣ አንተ እያለህ ምን እሆናለሁ» ብሎታል። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«እስክሪብቶ አለህ?» አለ ፎርማኑ።

መሐንዲሱ የተስማማ መስሎት ፈገግ ብሎ አቀበለው። ፎርማኑ ጫፉን ቃሏ አጠገብ አሳረፈ።

«እስቲ ልጄ፣ ‹አላደረግኩም› ለማለት እዚህ ጋ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

የመሐንዲሱ ፈገግታ ጠፋ። እስክሪብቶውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ።

ፎርማኑ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ የሚያውቃትን ያቺን አንዲት ቃል በረጅም መስመር ሰረዛትና፣ ከጎኗ እንደገና ፈረመ።